ከመደርደሪያ የጠፋውን ለስላሳ የአረብ ዳቦ መሀል አዲስ አበባ ላይ አፈላልጎ ማግኛ

የአረብ ዳቦ የለመደ ቤት ሌላ ዳቦ አይተካለትም። ጠዋት ፉል ይበላበታል፣ ለልጅ ምሳ ዕቃ እንቁላል ይከተትበታል፣ ጥርሳቸው የደከመ አያት እንኳ ሳይቸገሩ ይበሉታል። ታዲያ ይሄ ዳቦ አንድ ቀን ከለመዳችሁት ሱቅ ይጠፋና ስትጠይቁ «አሁን አይመጣም» ትባላላችሁ። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መመለስ የለበትም። አንድ ዳቦ ከሱፐርማርኬት ጠፋ ማለት ከከተማው ጠፋ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጋጋሪው አለ፣ ምድጃው ይነድዳል፣ የተቋረጠው በእሱና በእናንተ መሀል የነበረው መንገድ ነው። ስለዚህ መደርደሪያ ለመደርደሪያ መዞሩን ተዉትና ይህን ዳቦ በየቀኑ በብዛት የሚገዙትን ሰዎች ፈልጉ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተዘጋጀው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ የትኛውን ዳቦ እንደምትፈልጉ ለዩ

እኛ ከተማ «የአረብ ዳቦ» የሚባለው አንድ ዓይነት ዳቦ አይደለም። ባለሱቁ «አለ» ብሎ ሌላ ነገር የሚያወጣላችሁም በዚህ ምክንያት ነው። በደንብ ሊለዩ የሚገባቸው አራቱ እነዚህ ናቸው፦

ባለ ኪሱ፦ ክብ ነው፣ ጠርዙ ሲቀደድ መሀሉ እንደ ከረጢት ይከፈታል። በጣም በጋለ ምድጃ ውስጥ ሲገባ በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በአንዴ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ላይኛውንና ታችኛውን ገጽ ስለሚለያያቸው ነው ኪስ የሚሠራው።

ስሱ፦ ሰፋ ያለና ቀጭን ነው፣ ሸዋርማ የሚጠቀለልበት። ሊባኖሶች የሚያዘወትሩት ይሄንን ነው።

ወፍራሙ፦ ኪስ የለውም፣ ስፖንጅ ይመስላል፣ በዘይት ሞቅ ተደርጎ ይቀርባል። የግሪኮቹ ዓይነት ነው።

የየመኑ ሙላዋህ፦ በቅቤ ወይም በዘይት እየተነባበረ የሚጋገር፣ ትኩሱን የሚበላ። ይሄኛው በፌስታል ታሽጎ ሱቅ ውስጥ መገኘቱ እምብዛም ነው፤ ምግብ ቤት ነው ቦታው።

የናንተ የትኛው እንደሆነ ከለያችሁ በኋላ የምታስታውሱትን ጻፉ። ስፋቱ የሾርባ ሳሕን ያህል ነበር ወይስ የትሪ? በማግስቱ ሲታጠፍ ይሰነጠቅ ነበር? ላዩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረው ወይስ ነጣ ያለ ነው? ወደ ጣፋጭነት ያደላል? ወተት ወተት ይላል? የመጨረሻው ጥያቄ ለጾመኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ ተራው የአረብ ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳርና ዘይት ብቻ ስለሆነ ይጾምበታል፣ በጣም የሚለሰልሰው ግን አንዳንዴ የወተት ዱቄት ይገባበታል። ስልካችሁ ውስጥ የቆየ የቁርስ ፎቶ ካለ ፈልጉ፤ ለጋጋሪ ከመግለጫ ይልቅ ፎቶ ቶሎ ይገባዋል።

2. ፌስታሉን ፈልጉ

እናቶቻችን ጥሩ ፌስታል አይጥሉም። የወጥ ቤቱን መሳቢያ፣ የፍሪዘሩን ታችኛ ክፍል፣ ጎመን የተቀመጠበትን ሁሉ እዩ። የድሮው ማሸጊያ ከተገኘ ከሥራው ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የአምራቹን ስም፣ ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን፣ ስልኩን፣ ካለ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አንብቡ።

አድራሻው ተፍቆ ስልኩ ብቻ ቢቀርና እሱም የመደበኛ ስልክ ቢሆን ራሱ ቁጥሩ ሰፈር ይነግራችኋል። ከ011 ቀጥሎ ያለችውን አንዷን አሐዝ ተመልከቱ፦ 1 ከሆነ ወደ አራዳና ፒያሳ፣ 2 ከሆነ ወደ አዲስ ከተማና መርካቶ፣ 3 ወደ አሮጌው አየር ማረፊያ፣ 4 ወደ ንፋስ ስልክ፣ 5 ስታዲየምና ፍልውሃ ዙሪያ ያለው መሀል ከተማ፣ 6 ደግሞ ቦሌ አካባቢ ነው። ስልኩ ባይነሳ እንኳ የት ሰፈር ገብታችሁ እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

የመለያ ቁጥሩ ካለ ደግሞ የንግድ ሚኒስቴሩ ኢትሬድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ድርጅቱ የንግድ ፈቃዱን አድሶ እየሠራ መሆኑን ማየት ትችላላችሁ። ፈቃዱ የታደሰ ጋጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ጋጋሪ ነው፤ ፍለጋችሁን በሙሉ ልብ ቀጥሉ።

3. ሱቁን በትክክለኛው ሰዓት፣ ትክክለኛውን ሰው ጠይቁ

ማታ 12 ሰዓት ላይ ወረፋ ይዛችሁ ካሸሯን «ያ ዳቦ የት ገባ?» ብትሏት «አላውቅም» ብላ ቀጣዩን ሰው ታስተናግዳለች። አይፈረድባትም። የሚያውቀው ዕቃ የሚረከበው ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ የሚገኘው ጠዋት ነው፤ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዳቦ፣ ወተትና እርጎ ሲወርድ በኋላ በር በኩል ወይም መጋዘኑ አፍ ላይ ቆሞ ይቆጥራል።

ሥራውን ሲጨርስ ጠብቁትና በጨዋ ደንብ ጠይቁ። ለምሳሌ፦

«እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ በርታ። በፊት እዚህ ጋ የሚቀመጠውን ባለ ኪሱን የአረብ ዳቦ ማን ነበር የሚያመጣላችሁ?»

«ውይ እሱ ቆየ እኮ እናቴ። ማምጣት ትቷል።»

«ሙሉ ለሙሉ መጋገር ትቶ ነው ወይስ ለእናንተ ብቻ?»

«ኧረ ይጋግራል፣ ለሸዋርማ ቤቶች ሲያወርድ አየዋለሁ። ከኛ ጋር በተመላሽ ነው ያልተስማማው።»

ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት ሥራ የሠራችው። «የለም» የሚለው መልስ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደብቀው ይኖራሉ፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ መሄድ የለባችሁም።

አንደኛው የተመላሽ ጉዳይ ነው። ይህ ዳቦ በጥሩ ሁኔታ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ሱቁ ያልተሸጠውን ጋጋሪው መልሶ እንዲወስድለት ይፈልጋል፣ አነስተኛ ጋጋሪ ደግሞ ይህን ኪሳራ አይችልም። እንዲህ ያለው ጋጋሪ ቀድሞ ለተከፈለበት ትእዛዝ ደስ ብሎት ይጋግራል፤ ለእናንተ የምሥራች ነው። ሁለተኛው ዋጋ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሲንር፣ ጋጋሪው የሚጠይቀውና ሱቁ የሚሸጥበት ዋጋ ያልተገናኘባቸው ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ጋጋሪው ጋ ራሳችሁ ብትሄዱ ሱቁ የሚጨምረውን ስለማትከፍሉ ሊረክስላችሁም ይችላል። ሦስተኛው በእርግጥ መጋገር ማቆም ነው። እሱም ቢሆን ጋጋሪው ሙያውን ይዞ ሌላ ቤት ተቀጥሮ ሊሆን ስለሚችል ስሙንና የት እንደገባ ጠይቁ።

ስልኩን ካላስታወሱት ሒሳብ ክፍሉን አስጠይቁ። ማንኛውም በደረሰኝ የሚሠራ ሱቅ የገዛበትን ደረሰኝ ለግብር ሲል ለዓመታት ያስቀምጣል፣ ደረሰኙ ላይ ደግሞ የአቅራቢው ስም፣ ወረዳና ስልክ አለ። ሰው እንደ ትልቅ ነገር አያየውም እንጂ ከመደርደሪያ ለጠፋ ዕቃ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አላውቅም። ገልብጠው እንዲሰጧችሁ አትጠይቁ፤ ስሙንና ስልኩን ብቻ አንብበው ይንገሯችሁ።

4. በብዛት ወደሚገዙት ሂዱ

ሱቁ ጋ ምንም ካልተገኘ ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ፌስታል ይገዛል፣ አንድ ሸዋርማ ቤት ግን በአንድ ማታ ብዙ ደርዘን ይጨርሳል። ጋጋሪው የሚኖረው በእነሱ ነው፤ ስለዚህ እነሱ ያውቁታል።

ሸዋርማ ቤት የምትሄዱት ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የምሳ ሰው ወጥቷል፣ የማታው አልገባም፣ ሥጋው ገና እየዞረ ነው፣ ዳቦውም በዚሁ ሰዓት ገደማ ይገባል። አንድ ነገር እዘዙ። ከዚያ ከቆራጩ ጎን ያለውን የዳቦ ክምር ተመልከቱ፦ ዳቦው ለብቻው በፌስታል ከታሸገ ፌስታሉ ላይ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ ያለ ጽሑፍ በትልቅ ግልጽ ላስቲክ ከመጣ ደግሞ ጋጋሪው ቅርብ ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም እዚያው ሰፈር። ዳቦውን አንስታችሁ እጠፉት። እርጥብ ሆኖ ሳይሰነጠቅ ከታጠፈና ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ የዛሬ ነው። ጠርዙ ላይ ነጭ ስንጥቅ ካሳየ ትናንት የተጋገረ ነው።

ደስ ካላችሁ ለቆራጩ ዳቦውን አመስግኑለትና «ባዶ ዳቦ ትሸጡልናላችሁ?» በሉት። ብዙዎቹ በፍሬ ይሸጣሉ። የማይሸጥ ከሆነ የሚያመጣላቸውን ልጅ ስልክ ጠይቁ። እኔ ከማንም በላይ የምተማመነው በአድራሹ ልጅ ነው፤ በሞተር ወይም በሚኒባስ እየዞረ የትኛው ቤት የትኛውን ዳቦ እንደሚወስድ፣ የትኛው ጋጋሪ ለግለሰብ እንደሚሸጥ፣ የቱ ምድጃ እንደተበላሸ ሳይቀር ያውቃል።

ከሸዋርማ ቤት ቀጥሎ የየመን ምግብ ቤቶች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ከተባባሰ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ብዙ የመናውያን ምግብ ቤት ከፍተዋል፣ አብዛኞቹም ዳቦውን እዚያው ይጋግሩታል። የምትፈልጉት ባለ ኪሱ ቢሆን እንኳ ጠይቋቸው፤ ጋጋሪ ጋጋሪን ያውቃል። ትልልቅ ሆቴሎች ጋ የግዢ ክፍሉን በስልክ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን መልሱ ይዘገያል።

5. ሰፈሩ ተነሥቶ ከሆነ

ይህን ሳያውቁ ብዙ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ። ፌስታሉ ላይ ያለው አድራሻ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ከሆነ ቤቱ ዛሬ ላይኖር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሷል፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ተከትሏል። ከእነዚህ ሰፈሮች የተነሡ ትናንሽ ዳቦ ቤቶች ምድጃቸውን ተሸክመው ሌላ ቦታ ገብተው ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ሳይነሡ የቀሩትን ጎረቤቶች ጠይቁ፦ ጫማ የሚያድሰውን፣ ጀበና ቡና የምትሸጠውን፣ የቀረውን ኪዮስክ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ የነበረው ዳቦ ቤት ወዴት ገባ?» ማለት ይበቃል። ሰው ጎረቤቱን አይረሳም። ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ፣ ከፒያሳ የተነሡት ደግሞ ወደ አራብሳና ሌሎች የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተዋል። ጋጋሪውም ደንበኛውን ተከትሎ ሊሆን ይችላል፤ ይሄን ያህል ርቀት ለዳቦ መሄድ ከባድ ስለሆነ በስልክ ብቻ አግኙትና ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፉ።

መርካቶን አትዝለሉ። በረመዳን ከአስር ሶላት በኋላ አንዋር መስጊድ ዙሪያም ሆነ ፒያሳ በኒን ሰፈር መስጊዱ አካባቢ ለማፍጠሪያ የሚሸጡ ዳቦዎች ሲወጡ፣ ዓመቱን ሙሉ የማታዩአቸውን ጋጋሪዎች ታገኛላችሁ። የዚያን ጊዜ ስልክ ተቀበሉ፣ ለሌላው ወር ይሆናችኋል።

6. ሰብሰብ ብላችሁ እዘዙ

ጋጋሪው ተገኘ እንበል። ለአንድ ፌስታል ምድጃ አይለኩስላችሁም፣ መልእክተኛም አይልክም። ስለዚህ ብቻችሁን አትደውሉ። የግቢያችሁን ጎረቤቶች፣ የቢሮ ባልደረቦቻችሁን፣ የዕቁብ ወይም የዕድር ሰዎቻችሁን ጠይቃችሁ ስንት ቤት በሳምንት ስንት ፌስታል እንደሚወስድ ጻፉና ከዚያ ደውሉ። «በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ይሄን ያህል እንወስዳለን፣ ገንዘቡን ዐርብ በቴሌብር እንልካለን፣ ተመላሽ የለብንም» ሲባል ሱፐርማርኬቱ ያልሰጠውን እናንተ ሰጣችሁት ማለት ነው። ቀድሞ መክፈሉ ነው ቁልፉ። የሚያከፋፍለው ሰው አንድ ይሁን፣ ገንዘቡንም እሱ ይሰብስብ፤ ጋጋሪው ከዐሥር ሰው ጋር ስልክ ማውራት አይችልም።

አንድ ነገር አስተውሉ፦ በዐቢይ ጾም ሸዋርማ ቤቶች ሥራቸው ስለሚቀዘቅዝ አንዳንድ ጋጋሪዎች ምርት ይቀንሳሉ። ትእዛዛችሁ የበለጠ የሚፈለገው በዚያን ጊዜ ነው።

7. አቀማመጥ

ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ያልበዋል፣ ካላበው ይሻግታል፤ በተለይ በክረምት። መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አቀዝቅዙት። የሁለት ቀኑን ውጭ ተዉት፣ የቀረውን አራት አራት አድርጋችሁ አየር ሳታስቀሩ አሽጉና ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ተራው ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡ። ዳቦ የሚደርቀው ስታርቹ መልሶ ስለሚጠጥር ነው፣ ይህ ደግሞ በጣም የሚፈጥነው ልክ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ከፍሪዘር ሲወጣ ሳይቀልጥ በጋለ መጥበሻ ላይ ግራ ቀኝ ገልበጥ ማድረግ ይበቃዋል።

8. እስኪገኝ ድረስ ቤት ውስጥ

ፍለጋው ሊረዝም ይችላል፣ የእንጀራ ምጣድ ያለው ቤት ግን ዳቦው አይጎድልበትም። የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ኦቭን ፍለጋ አትሂዱ፤ አክንባሎ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ ዳቦ የተሠራ ያህል ነው።

ለስምንት ዳቦ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የተጻፉ አሠራሮች ላይ የምታዩት የእርሾ መጠን ለእኛ ይበዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል።

ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ስኳሩንና ጨውን ቀላቅሉ፣ ውሃውንና ዘይቱን ጨምራችሁ ለዐሥር ደቂቃ ያህል በደንብ አቡኩ። ሊጡ መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት አትጨምሩበት። ማሸቱን ስትቀጥሉ ራሱ ይለቃል፣ ለስላሳነቱም የሚገኘው ከዚህ እርጥበት ነው። ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን አስቀምጡ። በክረምት ከሆነ ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ስምንት ቦታ ከፍላችሁ ድብልብል አድርጉ፣ ሩብ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ በመዳመጫ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡት። ውፍረቱ ዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን፣ የሳሳበት ቦታ ካለ እንፋሎቱ በዚያ በኩል ያመልጥና ኪስ አይሠራም። የተዳመጠው ለዐሥር ደቂቃ ጨርቅ ላይ ይረፍ።

ምጣዱን መጨረሻው ድረስ አግሉት። ዘይትም ሆነ ጎመን ዘር ያለበት ከሆነ በማሰሻ ጥርግ አድርጉት፣ አለበለዚያ ዳቦው ይጠበሳል። ዳቦውን ጣሉት። ግማሽ ደቂቃ ሲሆነው ላዩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ፤ ገልብጡት፣ አክንባሎውን ክደኑ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስትከፍቱት መሀሉ ተነሥቶ ታገኙታላችሁ። ከፊሉ ብቻ ከተነሣ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ያበጠውን ጎን ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፣ እንፋሎቱ ወዳልተነሣው ይሄዳል። አንዴ ደግማችሁ ገልብጡና አውጡ። ብዙ ካቆያችሁት ይደርቃል፣ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ በቅቷል።

የወጣውን ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት፣ ቀጣዩን በላዩ ደርቡ። የራሱ እንፋሎት ነው ቆዳውን የሚያለሰልሰው።

የጠፋባችሁ በጣም ስሱ ዓይነት ከሆነ ይሄንኑ ሊጥ ዐሥራ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ በተቻለ መጠን አሳስታችሁ ዳምጡ፣ በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ስጡት። ወተት ወተት የሚለው ከሆነ ደግሞ ከውሃው ግማሹን በወተት ተኩ። እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን ምጣዱ እንደጋለ መጨረሻ ላይ ብታስከትሉት መብራቱም ይቆጠባል።

እስከዚያው የአድራሹን ልጅ ስልክ አታጥፉ፤ በየጊዜው ደግማችሁ ደውሉለት።